ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን መሳል ለጀመራችሁ

ውድ ልጆቼ፣

የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት ለአውሮፕላን ጥገና መመሪያዎች የሚሆኑ ሥዕሎችን በመሥራት ስለነበር፣ አንድ ጀማሪ ወረቀቱን ሲያሳየኝ እርሳሱ መጀመሪያ የት እንዳረፈ ወዲያው አውቃለሁ። ብዙውን ጊዜ ያረፈው መስኮቶቹ ላይ ነው። መስኮት ከመደርደር የጀመረ ሰው እያንዳንዱን ለማሳመር ሲል ያተልቀዋል፤ ካተለቀው በኋላ ደግሞ ወረቀቱ ስለማይበቃው አካሉን ያሳጥራል፤ በመጨረሻም ክንፍ የተገጠመለት አውቶቡስ ይወጣዋል።

ስለዚህ መስኮቶቹን ለጊዜው ተዉአቸውና ከመጠን ጀምሩ። የቦይንግ 777-300ኢአር ርዝመት 73.9 ሜትር ሲሆን የአካሉ ውፍረት ግን 6.2 ሜትር ብቻ ነው፤ ርዝመቱ የውፍረቱን 12 እጥፍ ያህላል ማለት ነው። ቀጭን የመሃል መስመር በማስመሪያ አስምሩ (ማስመሪያ መጠቀም ነውር ነው የሚሉትን አትስሟቸው)፤ ከዚያም የአካሉን ውፍረት በእርሳሳችሁ ለክታችሁ 12 ጊዜ በመስመሩ ላይ ደርድሩት። የሚወጣው ርዝመት ከገመታችሁት በላይ እንደሚሆን አልጠራጠርም። ይህን ልኬት ግን ለሌላው ሁሉ አታውሉት። ኤርባስ ኤ380 ርዝመቱ 72.7 ሜትር ሆኖ ከአንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ሌላው 79.8 ሜትር ስለሚደርስ፣ ከቁመናው ይልቅ ክንፉ የሚረዝም አውሮፕላን ነው።

ክንፉን ከአካሉ ወገብ አታውጡት፤ በእነዚህ አውሮፕላኖች ላይ ክንፉ የሚያልፈው መንገደኞች ከሚረግጡት ወለል በታች ነው። አውሮፕላኑ እየበረረ ከሆነ ክብደቱን የሚሸከመው ክንፉ ስለሆነ ጫፉ ወደ ላይ ይለመጣል፤ መሬት ላይ ከቆመ ደግሞ በውስጡ ያለው ነዳጅና የተንጠለጠለበት ሞተር ወደ ታች ይጎትቱታል። የቆመ አውሮፕላን ክንፍ ሰጥቶ አየር ላይ ማንሳፈፍ ብዙ ጎበዝ ሠዓሊዎችን ያሳተ ጉዳይ ነው።

ብዙ ወረቀት የሚያስቀድደው ግን ሞተሩ ነው። ከፊት ወደ ጎን ዞር ብሎ ሲታይ ክብ የነበረው አፉ ሞላላ ይሆናል፤ ሞላላው ረጅምና አጭር ልኬት ያለው ሲሆን፣ አጭሩ የሚያመለክትበት አቅጣጫ በሞተሩ መሃል ከሚያልፈው መስመር ጋር መግጠም አለበት። ይህ ካልገጠመ፣ ጥላውን የቱንም ያህል ብታሳምሩት ሞተሩ የተጣመመ ይመስላል። ሞተሩም በቀጥታ ከክንፉ ሥር የተለጠፈ ሳይሆን ከክንፉ የፊት ጠርዝ ቀድሞ የተንጠለጠለ ነው።

ስለ ጎማ ስናገር የራሴን ስህተት ባልደብቃችሁ ይሻላል። በወጣትነቴ አንድ መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ከጎን ስስል፣ ከክንፉ ፊት ያለው ቦታ ባዶ ስለመሰለኝ ዋናዎቹን ጎማዎች ትንሽ ወደ ፊት ገፋኋቸው። አንድ አንጋፋ መሐንዲስ ወረቀቱን ለአፍታ ተመለከቱና ጣታቸውን ጅራቱ ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ ይህማ በጅራቱ ይቀመጣል» አሉኝ። ዋናዎቹ ጎማዎች ከአውሮፕላኑ የክብደት ማዕከል ትንሽ ወደ ኋላ ካልሆኑ አፍንጫው መነሣቱ እንደማይቀር ያስረዱኝ ያን ጊዜ ነው፤ የሦስት ቀን ሥራዬንም እንደገና ጀመርኩት። የጅራቱ ሆድ ለምን ወደ ላይ እንደሚያዘነብል የገባኝም በዚያው ዕለት ነው፤ አውሮፕላኑ ለመነሣት አፍንጫውን ሲያነሣ ጅራቱ መንደርደሪያውን እንዳይፍቅ ነው።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ እርሳሳችሁን ቅረጹና ወደ መስኮቶቹ ተመለሱ። የመስኮቶቹን ረድፍ የላይና የታች ወሰን በሁለት ስስ መስመሮች ያዙት፤ በሮቹ ያሉበትን ቦታ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉ፤ አውሮፕላኑ ፊቱን ወደ እናንተ ያዞረ ከሆነ ወደ ጅራቱ ስትሄዱ በመስኮቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት እያጠበባችሁ ደርድሯቸው፤ ከመጨረሻዎቹ ጥቂቶቹ ከነጠብጣብ የማይበልጡ ቢሆኑም አታድምቋቸው።