ጥናቱ «የዱር እንስሳ አልታየም» ሲል

ጥያቄ፦ ከቀበሌያችን ተነስቶ ወደ ደንቆሮ ጫካ አቅጣጫ ጓሳ የተባለው የደጋ ሣር በሚበቅልበት ሜዳ ላይ የሚያልፍ የጠጠር መንገድ ሊሠራ ነው። መንገዱን በጣም እንፈልገዋለን፤ ወላድ በቃሬዛ መሸከም በቅቶናል። ነገር ግን የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ያካሄዱት ባለሙያዎች በነሐሴ መጥተው ሁለት ቀን ቆይተው ሄዱ። ሪፖርታቸው «በመስመሩ ላይ ትኩረት የሚሻ የዱር እንስሳ አልታየም» ይላል። እኛ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም እናያለን። ጥናቱ በቂ መሆን አለመሆኑን በምን እንለይ?
ከመካነ ሰላም

መልስ፦ አላየንም ማለታቸው እውነት ሊሆን ይችላል። በነሐሴ ጉም በሁለት ቀን ብዙ ነገር አይታይም። ችግሩ «አልታየም» የተባለው «የለም» ተብሎ ውሳኔ ሲሰጥበት ነው። ጥናቱ ሊመልስ የሚገባው እንስሳው ቦታውን ለምን እንደሚፈልገው፣ በየትኛው ወር እንደሚጠቀምበትና መንገዱ ምን እንደሚያሳጣው ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ ለመራባት የደረሱት በአገር ደረጃ 500 አይሞሉም። የሚኖረው በአይጥና በፍልፈል ስለሆነ ቀበሮውን ከማሳደድ ምግቡን መቁጠር ይቀላል። በመስመሩ ላይና ራቅ ብሎ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆኑ ቦታዎች በገመድ ይከለሉ። ማታ በውስጣቸው ያለው የአይጥ ጉድጓድ ሁሉ በአፈርና በሣር ይደፈን፤ በማግስቱ ጠዋት ተቦርቡሮ የተከፈተው ብቻ ይቆጠር። አንድ አይጥ ብዙ መውጫ ስላላት ቁጥሩ የአይጦቹን ብዛት አይነግርም፤ የትኛው ቦታ ለቀበሮ ምግብ እንደሚሻል ግን በደንብ ያሳያል። ጓሳው፣ የአስታው ቁጥቋጦ ጥግና የእርሻው ዳር ለየብቻ ይቆጠሩ። የፍልፈል ቁልልም እንዲሁ ነው፤ አዲሱ እርጥብና ጥቁር ሲሆን አሮጌው ነጣ ብሎ ሣር በቅሎበታል።

ይህ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መደገም አለበት፦ ክረምቱ ሲወጣ በጥቅምትና ኅዳር፣ ከዚያም በበጋ። የቀበሮ ቡችሎች በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሚወለዱ ጎሬው የሚገኘው ያኔ ነው። ጎሬ ከተገኘ መስመሩ መዞር አለበት፤ ካልተቻለ ደግሞ በእነዚያ ወራት እዚያ አካባቢ ማሽን መግባት የለበትም።

ጭላዳ ቀን ሣር ሲግጥ ይውልና ለአዳር ገደል ይወርዳል። ስለዚህ ሜዳውን በእኩለ ቀን ማየት ግማሽ ሥራ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 11 ሰዓት ገደሉ አፋፍ ላይ መገኘት ያስፈልጋል። ሪፖርቱን ስታገላብጡ ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ የት እንደሆነ ፈልጉ። ብዙ ጥናት የመንገዱን መስመር ብቻ ይለካና ድንጋይ ማውጫውን፣ ካምፑንና ትርፍ አፈር የሚደፋበትን ይረሳል። ድማሚት የሚፈነዳው ጭላዳው በሚያድርበት ገደል ላይ ከሆነ የመንገዱ መስመር መስተካከሉ ብቻ አያድነውም።

በእኛ እምነት ከሁሉ የሚከፋው ግን ካምፑ የሚያመጣው ውሻ ነው። ትርፍራፊ ምግብ ባለበት ውሻ ይሰበሰባል፤ ከውሻው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ይመጣል። በ1996 ዓ.ም. በባሌ የወብ ሸለቆን አብዛኛውን ቀይ ቀበሮ የፈጀው ይኸው በሽታ ነበር። በተቋራጩ ውል ውስጥ ሦስት ነገር በግልጽ ይጻፍ፦ በካምፑ ውሻ አይኑር፣ የምግብ ቆሻሻ በየዕለቱ ይቀበር፣ በመስመሩ ዙሪያ ያሉ መንደሮች ውሾች ሥራው ሳይጀመር ይከተቡ።

ስለ አፈሩም እንዲህ ይሁን፦ የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር ለብቻው ተገፎ ይቀመጥና ሥራው ሲያልቅ ይመለስ። ከሥር የሚወጣው ቁልቁል ከተደፋ ጓሳውንም ምንጩንም ይቀብራል። ውኃ ማፋሰሻ ቱቦ የሚተፋበት ላይ ድንጋይ ካልተደረደረ በአንድ ክረምት ቦረቦር ይወጣል። የተነቀለው ጓሳ ከነሥሩ ተሰንጥቆ ክረምት ሲገባ ይተከል።

አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማው ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንዲጠናቀቅ፣ ሪፖርቱም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ስለዚህ በቃል አትከራከሩ። ያያችሁትን ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና የእንስሳ ብዛት መዝግባችሁ፣ ከተቻለ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ፣ በቀበሌው ማኅተም ለወረዳው አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት አስገቡ፤ ገቢ የሆነበትን ቁጥርም ያዙ። ጥያቄያችሁም «መንገዱ ይቅር» ሳይሆን «በጥቅምት ተመልሳችሁ እዩ» ይሁን።

ጥያቄ፦ በከተማችን ቄራ አጠገብ ከተዘረጋው አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር ጥንብ አንሳ ሞቶ እናገኛለን። መስመሩ ገና ይቀጥላል። ምን ይደረግ?
ከደሴ ዙሪያ

መልስ፦ የትልቁ ጥንብ አንሳ ክንፍ ሲዘረጋ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል። አግዳሚው ብረት ላይ እንዳረፈ ክንፉ ሽቦውን ሲነካ ኤሌክትሪኩ በሰውነቱ አልፎ ወደ መሬት ይወርዳል። ብዙ የሚገድለው ስኒው፣ ማለትም ሽቦውን ከብረቱ ለይቶ የሚይዘው ሸክላ፣ ከብረቱ በላይ የቆመበት ምሰሶ ነው። ለቀሪው መስመር ስኒው ከብረቱ በታች እንዲንጠለጠል፣ ከማረፊያው እስከ ሽቦው ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር፣ በሽቦዎቹ መካከል ደግሞ 1.40 ሜትር እንዲኖር ጠይቁ፤ ለእንዲህ ያለ ትልቅ ወፍ ከዚያም ቢሰፋ ይመረጣል። ለተተከለው በምሰሶው ግራና ቀኝ ሽቦውን ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፕላስቲክ መሸፈን ይቻላል። ሬሳውን ጅብና ውሻ ቶሎ ስለሚያነሱት ፍለጋው ማለዳ ይሁን፤ የምሰሶውን ቁጥርም መዝግቡ፤ የትኛው መጀመሪያ እንደሚሸፈን የሚወስነው እሱ ነው።