መልስ፦ ሦስት ጊዜ ተከትቦ መከላከያ ያጣው ለምንድን ነው?

እህቴ፣ ሐዋሳ የሚኖሩትና ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱት ወንድምዎ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት 3 ጊዜ ተከትበው በምርመራ መከላከያ ስላልተገኘባቸው፣ ክትባቱ ተበላሽቶ ይሆን ብለው ጠይቀዋል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ስላለበት፣ በሐዋሳ ሙቀት ጥርጣሬዎ መሠረት የለውም አልልም፤ ሆኖም እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ኤችአይቪን ራሱን ነው።

ፀረ እንግዳ አካላትን፣ ማለትም ጀርምን የሚዋጉ ፕሮቲኖችን፣ የሚያመርቱት ቢ ሴሎች የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ቢሆኑም፣ ጀርሙን አጥብቆ የሚይዝና ለዓመታት የሚቆይ መከላከያ ለመሥራት በንፍፊቶች ውስጥ ሲዲ4 የተባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሴሎችን እገዛ ይሻሉ፤ ኤችአይቪ የሚያጠቃው ደግሞ እነዚህኑ ረዳቶች ነው። የሚገርመው፣ ኤችአይቪ ኖሮበት ሕክምና ባልጀመረ ሰው ደም ውስጥ የፀረ እንግዳ አካላት መጠን ብዙውን ጊዜ ከጤናማ ሰው ይበልጣል፤ ነገር ግን ቢ ሴሎቹ ያለ ዕረፍት ስለሚቀሰቀሱ ከምርታቸው ብዙው ዒላማ የሌለው ይሆናል፣ ቀድሞ የተዋወቁትን ጀርም የሚያስታውሱት ሴሎችም ይመናመናሉ። መድኃኒቱ ይህን ጉዳት የሚጠግነው በከፊል ነው፤ ቶሎ ሲጀመር ግን ይበልጥ ያድናል።

ወንድምዎ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ፣ ክትባቱ በእጥፍ መጠን እንደገና ሊሰጣቸው ይችል እንደሆነ ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ከመጨረሻው መርፌ 1 ወይም 2 ወር በኋላም ምርመራው ይደገምላቸው።