አንድ ቀሚስ ስንት ቅጂ ያስፈልገዋል?

ጥያቄ፦ ልብስ ስፌት ተምሬ በአንድ ስፌት ቤት እሠራለሁ። ለፊልምና ለቴሌቪዥን ድራማ አልባሳት የማዘጋጀት ሙያ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ። ወንድሜ ግን «ተዋናዮቹ ከቤታቸው ለብሰው ይመጣሉ፤ አንቺ ምን ልትሠሪ ነው?» ይለኛል። ከምን ልጀምር?
አንዲት አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድምሽ እውነት አለው። ብዙ ቦታ ተዋናይዋ ሻንጣዋን ይዛ ትመጣለች፤ ገንዘብ ሲያጥርም መጀመሪያ የሚቀነሰው የአልባሳት በጀት ነው። ይህን እያወቅሽ ግቢ።

መስፋት መቻልሽ ትልቅ ነገር ነው፤ ሥራው ግን የሚጀምረው ከድርሰቱ ነው። ስክሪፕቱን እንደተቀበልሽ ትዕይንቶቹን በታሪኩ ቀናት ከፋፍያቸው። ሰኞ ጠዋት ምን ለበሰች? ማታውን ቀይራለች? ቀረጻ የታሪኩን ቅደም ተከተል አይጠብቅም። ሐዘንተኛዋ ከቤት ስትወጣ ዛሬ ተቀርጾ፣ ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ከሳምንታት በኋላ ሊቀረጽ ይችላል። ስትወጣ የተዘቀዘቀው ነጠላ ስትገባ ተስተካክሎ ከታየ ሐዘኗ መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን አለባበስ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሺ፣ በደብተርም መዝግቢ፦ እጅጌው ተጠቅልሏል ወይ፣ ስንተኛው ቁልፍ ተከፍቷል። ወጥ የሚደፋበት ወይም ደም የሚነካው ቀሚስ ካለ ደግሞ ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ሦስት አራት ቅጂ ይሰፋል፤ ዳይሬክተሩ «እንደገና!» ማለቱ አይቀርም። ከቤት የመጣ ሻንጣ ይህን አይመልስም፤ ለወንድምሽ ንገሪው።

ማስረጀትም አለ። የገበሬው ልብስ ከሱቅ እንደወጣ ካሜራ ፊት ከቆመ ሰውየውን ማንም አያምነውም። ደጋግሞ ማጠብ፣ የሱሪውን ጉልበት በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ ሻይ አፍልቶ መንከር ያስፈልጋል። ሻይ ለሌላም ይረዳል፦ ድምቅ ያለ ነጭ ካሜራ ላይ ያበራና የተዋናይዋን ፊት ያጠቁረዋል፤ የሀበሻ ልብስ ደግሞ ነጭ ነው። በቀጭን ሻይ የተነከረ ነጠላ በዓይን ሲያዩት ትንሽ የወየበ ይመስላል፤ በቴሌቪዥን ግን ጥሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

የታላላቆቹን ሥራ ማየት ካማረሽ ሩት ካርተርን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ2019 «ብላክ ፓንተር» በተባለው ፊልም አልባሳት ኦስካር ስትወስድ በዚህ ዘርፍ የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች፤ በ2023 ለተከታዩ ክፍል ደገመችው። በመጀመሪያው ፊልም ላይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የከንፈር ሸክላ አድርጎ ይታያል። በእኛ አገር፣ በሙርሲና በሱሪ ዘንድ፣ ይህ የሴቶች ጌጥ ነው። እሷ ያለበሰችው በምናብ የተፈጠረ አገር ስለሆነ ያስኬዳል። አንቺ የሙርሲን ታሪክ ለማልበስ ከተቀጠርሽ ግን አያስኬድሽም፤ ሄደሽ ጠይቂ። አዲስ አበባ ስትመጪ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሳታዪ አትመለሺ። ከዚያ በፊት ግን የአያቶችሽን የሠርግ ፎቶ አውጥተሽ ኮሌታውን፣ የቀሚሱን ርዝመት፣ ጫማውን ተመልከቺ።

መግቢያው በረዳትነት ነው። ሐዋሳ ውስጥ አጭር ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች ፈልጊና የአንዱን ስክሪፕት ከላይ እንዳልኩሽ ከፋፍለሽ፣ ደብተሩን ይዘሽ ቅረቢ። ክፍያ በጽሑፍ ይሁን፤ የተበላሸ ልብስ ማን እንደሚተካም በውሉ ይግባ።

ጥያቄ፦ በድራማዎቻችን ሀብታም ሁሉ ሳሎኑ ውስጥ ከነከረባቱ የሚቀመጠው ለምንድን ነው?
አንድ ተመልካች፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አንዱ ምክንያት ሱፉ ከሱቅ የተዋሰ መሆኑ ነው፤ ያዋሰው ሰው እንዲታይለት ይፈልጋል። ሌላው ስንፍና ነው። እኔ የማውቃቸው ባለሀብት ቤታቸው የሚቀመጡት በነጠላ ጫማና ክርኑ በሳሳ ሹራብ ነው። ይህንኑ ለአንድ ፕሮዲዩሰር ሐሳብ ባቀርብ «ታዲያ ሀብታም መሆኑን ተመልካች በምን ያውቃል?» አለኝ። ሲጣራ ሰው ሁሉ ስለሚሮጥ አልኩት። ከረባቱ ግን አልወለቀም።