ስለ ጅብ፣ ስለ ጉንዳንና ስለ እንጦጦ ሰዓት የጠየቃችሁኝ

ስለ እንስሳት፣ ዝግመተ ለውጥና ፊዚክስ ሰሞኑን የሰማችሁት የሚገርም ነገር ካለ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ከሱሉልታ እስከ አቃቂ ጎረፈ። የማስተምረው ባዮሎጂ ስለሆነ ፊዚክሱ ላይ አጠር ካልኩ ይቅርታ።

ከሱሉልታ፦ መምህር፣ እኛ ጋ ሁዳዴ ሲገባ ጅቡ አህያ ላይ ይበረታል፣ እውነት ነው ወይስ ለኛ ነው የሚመስለን?

ሱሉልታን ለይቶ ያጠና አላየሁም፣ ሰሜን ላይ ግን ተቆጥሮ ተረጋግጧል። ግደይ ይርጋ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ የጅብ ኩስ እየለቀሙ ውስጡ የቀረውን ጸጉር በማይክሮስኮፕ እያዩ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ለዩ። ጅብ አጥንቱን ፈጭቶ ይጨርሰዋል፣ ኩሱ ሲደርቅ ነጭ የሚሆነውም ለዛ ነው፣ ጸጉር ግን አይፈጭለትም። ከጾሙ በፊት የአህያ ጸጉር የተገኘው 14.8 በመቶው ላይ ነበር፣ በጾሙ ጊዜ 33.1 ደረሰ፣ ጾሙ ሲፈታ ወደ 22.2 ወረደ። 2012 ላይ ነው የታተመው (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሰው ስጋ ሲያቆም ሉካንዳው ይዘጋል፣ ገንዳው ላይ አጥንትና ሆድ ዕቃ ይጠፋል፣ ጅቡ ደግሞ አብሮን አይጾምም፣ ስለዚህ ወደ አህያው ይዞራል። እኔ ብሆን በሁዳዴ አህያዬን ውጪ አላሳድርም።

ከለገጣፎ፦ ቀይ ቀበሮ አበባ ሲልስ የሚያሳይ ፎቶ አየሁ፣ በኤአይ የተሰራ ነው አይደል?

አይደለም እህቴ፣ የእውነት ነው፣ ባሌ ተራሮች ላይ። ጥናቱ 2024 መጨረሻ አካባቢ ነው የወጣው። ከታች ቢጫ ከላይ ቀይ ሆኖ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆም አበባ አለ፣ ቀበሮው የበሰለውን የታችኛውን ክፍል እየመረጠ ጣፋጩን ፈሳሽ ይልሳል፣ አንዳንዱማ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ይደርሳል። ሲጨርስ አፍንጫው ዙሪያ ፖለን (የአበባ ዱቄት) በፖለን ሆኖ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ከአበባ አበባ ፖለን ያመላልስ ይሆናል ተባለ። ይሆናል ነው ያሉት ልብ በሉ! በሱ ምክንያት አበባው የበለጠ ፍሬ ያዘ የሚል ማስረጃ ጥናቱ ላይ የለም፣ ዩቲዩብ ላይ ግን አልቆለታል። እኔን ያሳቀኝ ሌላ ነው፣ ከአጥኚዎቹ አንዱ ክላውዲዮ ሲሌሮ አበባው እንደሚላስ መጀመሪያ ያወቀው የእረኞች ልጆች ሲልሱት አይቶ ነው። የባሌ ልጆች ቀድመዋቸዋል በቃ። ቀበሮው ራሱ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች ነው።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ዝግመተ ለውጥ ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል ካላችሁ ማን አየው?

ሁሌ አይፈጅም ወንድሜ። ሞዛምቢክ፣ ጎሮንጎሳ ፓርክ ውስጥ ከ1977 እስከ 1992 በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት ዝሆኖቹ ለጥርሳቸው ተብሎ ከ90 በመቶ በላይ አለቁ፣ ጥርስ የሌላትን ግን ማን ይገድላታል፣ ስለዚህ እነሱ ተረፉና ወለዱ። ከጦርነቱ በፊት ጥርስ አልባ ሴቶች 18.5 በመቶ ነበሩ፣ በኋላ 50.9። ወንዶቹ ላይ የማይታየው ጥርስ የሚያሳጣው ጂን ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ ነው፣ ወንዱ አንድ ኤክስ ብቻ ነው ያለው፣ ሴቷ ግን ሌላ ኤክስ ስላላት ትኖራለች፣ የወረሰው ወንድ ግን ሳይወለድ የሚሞት ይመስላል። ጥናቱ የ2021 ነው። የሰው ዕድሜ ውስጥ ያለቀ ነገር ነው እንግዲህ።

ከጀሞ፦ ጉንዳን ኦፕሬሽን ይሰራል እውነት?

አዎ፣ አሜሪካ ፍሎሪዳ ያለ አንድ ዝርያ። የቆሰለችው ጭኗ ላይ ከሆነ ጓደኞቿ ቁስሉን ልሰው እግሩን ከሥሩ ነክሰው ይቆርጡታል፣ ቢያንስ 40 ደቂቃ ይፈጃል፣ እሷም ዝም ብላ ታስቆርጣለች። በዚህ ከ10 ዘጠኙ ይድናሉ። ቁስሉ ታች ከሆነ ግን አይቆርጡም፣ መላስ ብቻ፣ ምክንያቱም ከዛ ጋ ባክቴሪያው ቶሎ ወደ ሰውነት ስለሚገባ እስኪቆርጡ አይጠብቃቸውም።

ከአቃቂ፦ ተራራ ላይ ሰዓት ይፈጥናል ይላሉ፣ እንጦጦና እኛ ጋ እኩል አይደለም ማለት ነው?

እኩል አይደለም። የስበት ኃይሉ ምንጭ ጋ በቀረብክ ቁጥር ጊዜ ይዘገያል፣ አንስታይን ያለው ነው። 2022 ላይ አሜሪካ ኮሎራዶ ያሉ ተመራማሪዎች በአቶሚክ ሰዓት የ1 ሚሊሜትር ከፍታ ልዩነት ላይ ሳይቀር ለኩት። እንጦጦ ካንተ በ1 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበልጣል እንበል፣ በዓመት ከአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ 3 እጥፍ ትንሽ አለፍ ያለ ይቀድምሃል። ታክሲ አያስመልጥህም። ጂፒኤስ ላይ ግን ቀልድ የለም፣ የሳተላይቱ ሰዓት በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ስለሚፈጥን ካልታረመ ማፑ በአንድ ቀን በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሳሳታል፣ የጠራኸው መኪና ቃሊቲ ፈንታ ሌላ ቦታ ይጠብቅሃል።

እንደገና ከአቃቂ፦ ፀረ ቁስ ሲለቁት ወደ ላይ ይወድቃል የሚሉትስ?

ወደ ታች። ሰርን የሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ 2023 ላይ ፀረ ሃይድሮጅን (የሃይድሮጅን ፀረ ቁስ) ለቀው አዩት፣ እንደማንኛውም ዕቃ ወደቀ።