ጠዋት የተኛ ሐይቅ ከሰዓት ይነሳል

ጥያቄ፦ ካያክ (በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ፣ ትንሽ ጀልባ) የቀዘፍኩት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ከዳር ሳልርቅ። ቅዳሜ ግን ከጓደኛዬ ጋር የሐይቁን ዳር ይዘን፣ የወደቡን መግቢያ አቋርጠን፣ ማዶ ምሳችንን በልተን ልንመለስ አስበናል። ደርሶ መልሱ 14 ኪሎ ሜትር ነው። ወደቡ ውስጥ ትልልቅ መርከቦች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። እንሂድ ወይስ ይቅርብን?

መልስ፦ ሂዱ። ግን ከወደቡ በፊት ስለ ንፋስ ላውራሽ፤ የሐይቅ ቀን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በእሱ ነውና።

ፀሐይ ስትወጣ መሬቱ ከውሃው ቶሎ ይሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሳ ከሐይቁ በኩል ቀዝቃዛው አየር ቦታውን ሊይዝ ይመጣል፤ ጠዋት መስታወት የመሰለው ውሃ ከሰዓት በኋላ የሚታመሰው ለዚህ ነው። ስለዚህ በማለዳ ውጡ። ጀማሪ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄድ ነው፤ 14ቱ ኪሎ ሜትር ከእረፍት ውጭ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ንፋስ ፊት ለፊት ከመጣ ደግሞ ይሄን ሒሳብ እርሺው።

ከተቻለ መጀመሪያ ወደ ንፋሱ ቅዘፉ፣ ሲደክማችሁ እሱ እየገፋ ይመልሳችኋል። እኔ አንዴ ተገላቢጦሽ አድርጌዋለሁ። ንፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ በአንድ ሰዓት የደረስኩበትን ቦታ ስመለስ ሦስት ሰዓት ሊሞላኝ ምንም አልቀረውም፤ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል ያለው ቆዳ ተልጦ መቅዘፊያው ደም በደም ሆኖ ነበር። ከሁሉም የምፈራው ግን ከየብስ ወደ ውሃ የሚነፍሰውን ነው። ዳር ላይ ዛፍና ሕንፃ ስለሚከልልሽ ውሃው የተኛ ይመስላል። ትንሽ ገባ ስትዪ ይይዝሽና ወደ መሀል ይወስድሻል። እንዲህ ያለ ቀን ከገጠማችሁ ጉዞውን ለሌላ ቀን አድርጉት።

አሁን ወደቡ። ከመርከቡ ከፍታ ላይ ሆኖ አፍንጫው ስር ያለ ካያክ አይታይም፤ ቢታይም ያ ሁሉ ብረት በአንዴ አይቆምም። በባሕር ላይ የሚሠራው እ.ኤ.አ. የ1972ቱ ዓለም አቀፍ የመርከቦች ግጭት መከላከያ ደንብም ከ20 ሜትር ያነሰ ጀልባ፣ በጠባቡ መተላለፊያ ብቻ መሄድ ለሚችል መርከብ መንገድ እንዳይዘጋ ያዛል። ሐይቃችሁ የራሱ ደንብ ይኖረዋል፣ ቀድማችሁ ወደቡን ጠይቁ። እዚያ ስትደርሱ ከመተላለፊያው ውጭ ቁሙ፣ ግራ ቀኝ እዩ፣ ነጻ ሲሆን ጎን ለጎን ሆናችሁ በቀጥታ ተሻገሩ። በሰያፍ አትሂዱ፣ አንዳችሁም ወደኋላ አትቅሩ። 100 ሜትር ስፋት ቢኖረው አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። አምስት አጭር የጡሩምባ ድምፅ ከሰማችሁ መርከቡ አካሄዳችሁ አልገባኝም እያላችሁ ነው፤ ወዲያው ከመንገዱ ውጡ።

ወደ ወደቡ ግንብም አትጠጉ። ማዕበሉ ግንቡን መትቶ ሲመለስ ከሚመጣው ጋር ይጋጭና ውሃው እየዘለለ ከየት እንደመጣ ሳታውቂው ጭንሽ ላይ ይፈሳል። ሞተር ጀልባ አልፎ ሞገዱ ሲመጣ የካያኩን አፍንጫ ወደ ሞገዱ አዙሪ፣ መቅዘፍሽን አታቁሚ፤ ውሃ ውስጥ ያለ መቅዘፊያ ያረጋጋሻል።

ላይፍ ጃኬቱን ከወንበር ጀርባ እንዳታስሩት፣ ልበሱት። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ስትወድቂ መጀመሪያ ትንፋሽሽ ነው የሚያጥረው፣ ያኔ ጃኬት ፍለጋ የለም። ፊሽካውን ጃኬቱ ላይ አንጠልጥሉ፣ ስልኩን ውሃ በማያስገባ መያዣ ከሰውነታችሁ ጋር እሰሩ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀን ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ካያኩን ሆን ብላችሁ ገልብጡና እየተረዳዳችሁ መልሳችሁ ካያኩ ላይ መውጣትን ተለማመዱ። ይህን ሳትሞክሩ ወደቡን እንድትሻገሩ አልፈልግም።

ጥያቄ፦ ገና ግማሽ ሰዓት ሳልቀዝፍ ክንዴ ይዝላል፣ የእጄን አንጓም ያመኛል። ለምን?

መልስ፦ በክንድህ ብቻ እየጎተትክ ነው። ቀጥ ብለህ ተቀመጥ፣ እግርህን መደገፊያው ላይ ጠበቅ አድርገህ ትከል። መቅዘፊያውን ከእግርህ ጣቶች አጠገብ ውሃ ውስጥ ክተት፣ ወገብህን እያዞርክ ሳበው፣ ዳሌህ ጋ ሲደርስ አውጣው። የመቅዘፊያውን ዱላ ደግሞ አንቀህ አትያዘው፣ ጣቶችህን ፈታ አድርጋቸው፤ የአንጓህ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ነው።