በበቅሎ የሚሄደው ባላባት ማን ነው?

ጥያቄ፦ ከአያቴ ቤት የወረስኩት በመስታወት የተከደነ የድሮ ሥዕል አለኝ። ገደላማ አገር ነው፤ ከኮረብታ አናት ላይ የታጠረ ግቢ፣ ከሥሩ ጋሻና ጦር በያዙ አጃቢዎች መካከል በበቅሎ የሚሄድ ባላባት ይታያል። ከግርጌው በፈረንጅ ፊደል «በርናትዝ» እና «1852» ይላል። ቤተሰቡ የምኒልክ ጉዞ ነው ይላል። በምን ላረጋግጥ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ምኒልክ አይደሉም። 1852 የፈረንጆች ዓመት ነው፤ በእኛ 1844 ወይም 1845 ይሆናል። ምኒልክ በ1836 ስለተወለዱ ያኔ ገና ልጅ ነበሩ። ደግሞም ይህ የታተመበት እንጂ የተሣለበት ዓመት አይደለም። ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ ሸዋ የገባው በ1833 ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር ነው፤ ልዑኩ በ1835 ተመልሷል። ያየው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ሸዋ ነው። ንጉሡ በ1840 ስላረፉ፣ ሥዕሉ ሲታተም የነገሡት ልጃቸው ኃይለ መለኮት ነበሩ።

ባላባቱ ንጉሡ ራሳቸው ይሁኑ ሌላ መኮንን የሚለየው በአጀቡ ነው። በመጀመሪያ ድባብ (የክብር ጃንጥላ) ይፈልጉ፤ ከባላባቱ በላይ ከተያዘ ንጉሡ ራሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ከድባቡ ሥር በጨርቅ የተሸፈነ ነገር በራሱ የተሸከመ ቄስ ካለ ግን ያ ታቦት ነው፤ ሰልፉም የጥምቀት ወይም የንግሥ ይሆናል። ከፊት በበቅሎ የተጫነ ነጋሪት ካለ ባለቤቱ ከፍ ያለ ማዕረግ አለው፤ ነጋሪት ማንም አያስጎስምም ነበር። ሸማውንም ልብ ይበሉ። አሽከር በጌታው ፊት ትከሻውን ገልጦ ወገቡ ላይ ያደገድጋል፤ ጌታው ግን እስከ አፍንጫው ሊከናነብ ይችላል። ስለዚህ በጣም ያጌጠውን ሳይሆን ያላደገደገውን ይፈልጉ።

አንድ ወጥመድ አለ። የአገራችን ሰው ሰይፉን በቀኝ ጎኑ ይታጠቅ ነበር፣ ጋሻው በግራ ክንዱ ነው። በእርስዎ ሥዕል ሁሉም ሰይፋቸው በግራ ከሆነ፣ ሥዕሉ ሲባዛ ተገልብጧል፤ ያኔ የመልክዓ ምድሩም ቀኝና ግራ ይዛባል። እግራቸውንም ያጢኑ፦ ባዶ እግር ሆኖ አውራ ጣት ብቻ እርካብ ውስጥ መግባቱ ትክክለኛው የዘመኑ አጋለብ ነው።

ቦታውን ለመለየት ከኮረብታው ጀርባ ይመልከቱ። ምድሩ ወደ ጭጋጋማ ቆላ የሚወርድ ከሆነ አንኮበርን መገመት ይቻላል፤ ሜዳው የተዘረጋ ከሆነ አንጎለላ ይቀርባል። የገደሉን ቁልቁለት ግን በሜትር አይለኩበት፤ የዚያ ዘመን የአውሮፓ ሠዓሊዎች ተራራን ማሾል ይወዱ ነበር። ባህር ዛፍ ከታየ ነገሩ ሌላ ነው፤ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመነ መንግሥት ስለሆነ፣ ኋላ የተሣለ ወይም የተነካካ ነው።

በመጨረሻ አሥር ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ወረቀቱን ይመርምሩ። የድሮው የድንጋይ ኅትመት ቀለሙ እንደ አሸዋ ያልተስተካከለ ቅንጣት ነው። በሥርዓት የተደረደሩ ባለቀለም ነጠብጣቦች ካዩ የቅርብ ጊዜ ቅጂ ነው።