በቾክ ካልሆነ የማይሠራው ዲቲ 125

ጠያቂያችን ባሕር ዳር ነው የሚኖረው። ሁለት ሞተር አለው። ቦክሰር 150ውን ከተማ ውስጥ ለሥራ ይነዳዋል፤ በአሮጌው ያማሃ ዲቲ 125 ደግሞ ገጠር ወዳሉት ቤተሰቦቹ ይሄዳል። ዲቲው ክረምቱን ሁለት ወር ቆሞ ከረመ። አሁን ሲረገጥ ይነሣል፤ ቾኩ ሲመለስ ግን ወዲያው ይጠፋል። ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ደግሞ ይንተፋተፋል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ካንዴላ ቢቀይርም ለውጥ የለም። ከዚህ በፊት የነካካው መካኒክ የዘይት ፓምፑን ነቅሎ «ከቤንዚን ጋር እየቀላቀልክ ንዳ» ብሎታል፤ እሱም የሚቀላቅለው የቦክሰሩን ዘይት ነው። «አንዱን ልሽጠው ይሆን?» ይላል።

ወንድሜ፣ አትሽጠው። ሞተሩ ደህና ነው ብዬ እገምታለሁ። ቾክ ቤንዚን ይጨምራል። በቾክ ብቻ የሚሠራ ሞተር፣ ጋዝ ሳይሰጠው የሚጠጣት ቤንዚን አንሳዋለች ማለት ነው። ሁለት ወር ቆሞ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬዬ ሁሉ በካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ክፍል) ውስጥ ባለችው በትንሿ የሚኒሞ ጄት ላይ ነው፤ ጋዝ ሳይሰጠው ለሞተሩ ቤንዚን የምታሳልፈው ቀዳዳ ያላት ብሎን ናት። ቤንዚኑ ተነነ፤ የተቀላቀለው ዘይት ግን ቀርቶ ቀዳዳዋን ደፈነ። ካንዴላው ምንም አላጠፋም።

በዚህ ሁኔታ ቾክ ስበህ ሩቅ እንዳትሄድ። ቤንዚን ያነሰው ቱ ስትሮክ (እንደ ዲቲው ዘይቱን ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል ሞተር) ይግላል፤ ሲግል ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቀራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘርዝር፣ ምክንያቱም የሁለቱ ሞተሮችህ ልዩነት ያለው እዚህ ነው። ቦክሰሩ ፎር ስትሮክ ነው፤ ዘይቱን ሆዱ ውስጥ ይዞ ደጋግሞ ያዞረዋል። ዲቲው እንዲህ ማድረግ አይችልም። ክራንኩ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ያለበት ክፍል የቤንዚንና የአየር መተላለፊያ ስለሆነ ዘይት አይጠራቀምበትም። የማርሹ ዘይት ለብቻው ነው። ፒስተኑንና ኩሽኔታዎቹን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ገብቶ የሚቃጠለው ዘይት ብቻ ነው። ያማሃ አውቶሉብ የሚባለውን ፓምፕ በ1964 እ.ኤ.አ. ያወጣውም ለዚህ ነው፤ ፓምፑ የሞተሩን ዙርና የጋዙን መጠን እያየ ዘይት ይመጥናል። ያንተ ተነቅሏል። ስለዚህ ቤንዚን ካልገባ ዘይትም አይገባም። እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ረጅም ቁልቁለት ጋዝ ዘግተህ በማርሽ ብቻ ስትወርድ ሞተሩ በደረቁ ይዞራል። በቦክሰሩ ይህ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ሞተሩ ይይዝልሃል። በዲቲው ግን በየመሐሉ ፍሪሲዮን ይዘህ ጋዝ ነካ አድርግለት። ደስ የሚለኝም ይኸው የሁለቱ ልዩነት ነው። ቦክሰሩ ከታች ጀምሮ ቀስ ብሎ ይጎትታል፤ ዲቲው ዝም ብሎ ቆይቶ ድንገት ይፈነጠራል። ሁለቱም ቤት ያሉት ሰው ጆሮውም እጁም ይሠለጥናል።

የቦክሰሩን ዘይት ዲቲው ውስጥ መጨመርህን አቁም። እሱ እንዲቃጠል አልተሠራም፤ ካንዴላውንም ማርሚታውንም በካርቦን ይደፍነዋል። ለቱ ስትሮክ የተሠራውን ዘይት ግዛ። ፓምፑ እስኪመለስ ድረስ ለ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ቀላቅል። ጤነኛ ፓምፕ መንቀል ለመካኒኩ እንጂ ለባለቤቱ አይጠቅምም፤ ይህ ነገር ሁሌም ያናድደኛል።

አሁን ወደ ሥራው። ሞተሩን ወደ ውጭ አውጣው። ብዙዎቻችን ሞተር የምናሳድረው ቤት ውስጥ ነው፤ እዚያው ቡና ይፈላል፣ ከሰል ይያያዛል። የቤንዚን ትነት መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ያገኛል። ከሰል ባለበት ግቢ ካርቡሬተር አይከፈትም።

ቤንዚኑን ዝጋ፣ ካርቡሬተሩን አውርድ፣ የታችኛውን ጽዋ ፍታ። ብሎኖቹ ለስላሳ ስለሆኑ በልካቸው የሆነ ካቻቢቴ ያዝ። ጽዋው ሥር ቡናማ ዝቃጭ ካገኘህ ግምቴ ትክክል ነው። የሚኒሞዋ ጄት ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ገባ ብላ ትቀመጣለች። ፈትተህ ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፋት፣ በኮምፕሬሰር ንፋት፣ ከዚያ ወደ ሰማይ ያዛት። ክብ ብርሃን ካላየህ ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት የመዳብ ክር መዘህ አሳልፍባት። የብረት ሽቦ እንዳታስገባ። የጎኗን የአየር ብሎን ከመፍታትህ በፊት ቀስ ብለህ እያጠበቅህ ስንት ዙር እንደሄደች ቁጠር፤ ስትመልሳት እዚያው አቁማት።

ሙሉ ጋዝ ላይ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትልቋን ጄትም በደንብ እያት። የቀዳዳዋ ጠርዝ ተጫጭሮ ከሆነ አንድ ሰው በሽቦ አስፍቷታል። ሙሉ ጋዝ ላይ መንተፋተፉና ጥቁር ጭሱ ይህንን እንድጠረጥር አድርጎኛል። የተጻፈባት ቁጥር ከዚያ በኋላ ዋጋ የለውም፤ ለውጣት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሞተር ቤንዚን ይበዛበታል እንጂ አያንሰውም። እዚህ ጄት ማስፋት ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠውን የጥገና ፓኬት አትመነው፤ የጄቶቹ ቀዳዳ ከቁጥራቸው አይገጥምም። ከቆመ ዲቲ የተፈታ ኦርጅናል ጄት ይሻልሃል።

ከመግጠምህ በፊት ካርቡሬተሩን ከሞተሩ የሚያያይዘውን ጎማ አጠፍ አድርገህ ስንጥቅ ፈልግ። አየር የሚያስገባ ስንጥቅ ያንኑ ጠባይ ያሳያል። ጎማውን ለመፈተሽ ሞተሩ እየሠራ ቤንዚን የሚረጩ አሉ። የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን አይረጭም፤ እሳት ነው ብያለሁ!

ከእንግዲህ ዲቲውን ከሳምንት በላይ የምታቆመው ከሆነ የቤንዚን መዝጊያውን ዝጋና ጽዋው ደርቆ እስኪጠፋ አሠራው፤ ይህንንም ውጭ። ቦክሰሩን በየቀኑ ስለምትነዳው ይህ አያስፈልገውም።

ካርቡሬተሩ ጸድቶ፣ ጎማውም ደህና ሆኖ አሁንም በቾክ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ የክራንኩ የጎን ጎሚኒ (አየር እንዳይገባ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት) አየር እያስገባ ሊሆን ይችላል። እሱ መንቀያ ይፈልጋል፤ በመዶሻ ሳትነካካው ጋራዥ ውሰደው።